የአያታችን ጠመንጃ

በአገራችን ጠመንጃ ከመሣሪያነቱ ይልቅ የቤተ ሰብ አባልነቱ ይበልጣል። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ቤልጅግ እየተባለ እንደ ዘር ይቆጠራል። ሙሽራ ሲሸኝ አብሮ ይወጣል፤ ባለቤቱ ሲሞት በለቅሶው ሜዳ ላይ ከፈረሱና ከፎቶግራፉ ጎን ይቆማል። ስለዚህ አንድ ቤተ ሰብ ስለ ጠመንጃው የሚናገረው ታሪክ ስለ ራሱ የሚናገረው ታሪክ ነው። የጠመንጃው ታሪክ ሳይሆን የቀረ እንደ ሆነስ? ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ ራሱን እንደ ገና መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ይህችን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰው ይህን የመሰለ ነገር ነው።

እኛ ስንል ሁለት ወንድማማቾች ነን። ብዕሩን የያዘው ታላቁ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያወጣና ሲያስገባ ብዙ ዓመት የቈየ ሲሆን፣ ታናሹ በእንጨት ሥራ የሚተዳደር ነው። ትምህርታችን ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። የጦር መሣሪያ ዐዋቂዎችም አይደለንም። የምንጽፈውም ያየነውንና ከዚያ ወዲህ አንብበን የተረዳነውን ብቻ ነው።

አያታችን በ1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ ተመርጠው ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮርያ ከዘመቱት ወታደሮች አንዱ ነበሩ። ከዘመቻ ተመልሰው ጥቂት ካገለገሉ በኋላ በሸዋ ገጠር በአባታቸው ርስት ላይ ገብተው አረሱ፤ ልጆች ወለዱ፤ በ2010 ዓ.ም. ዐረፉ። በቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ በበሬ ቀንድ መስቀያ፣ አንድ ጥቁር ጠመንጃ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። በደርግ ጊዜ በጎተራ ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዓመት ከቈየ በኋላ ተመልሶ ከቀንዱ ላይ ወጥቷል። የዚህ ጠመንጃ ታሪክ በቤታችን የታወቀ ነበር። የአያታችን አባት በ1928 ዓ.ም. ማይጨው የተዋጉበት፣ ከዚያም አምስቱን ዓመት በዱር በገደል ይዘውት የኖሩት ነው ይባል ነበር።

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ጠመንጃው ይወርዳል። አያታችን በደጃፉ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው በጨርቅና በሞራ ይወለውሉታል። ታሪኩን የሚናገሩት ግን እርሳቸው አልነበሩም። የሚናገሩት ጋሼ የምንላቸው ታናሽ ወንድማቸው ነበሩ። ጋሼ ስለ አባታቸው ጀግንነት ሲተርኩ፣ በሰደፉ ላይ በስለት የተቈረጡትን መስመሮች በጣታቸው እያሳዩ፣ «እነዚህ አግድም ያሉት ሦስቱ፣ ሦስት ጣልያን ናቸው» ይሉን ነበር። እኛ ልጆቹ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። አያታችን አንገታቸውን ደፍተው መወልወላቸውን ይቀጥላሉ። ያን ዝምታ ለአባታቸው ካላቸው ክብር የመጣ ይመስለን ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በወጣ ጊዜ፣ ባለቤቱ የሞተበት ጠመንጃ በግድግዳ ላይ እንዲሁ ሊቀር እንደማይገባው ተረዳን። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ነገሩን አስረዳን፤ የምንሞላውም ቅጽ ተሰጠን። ቅጹ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የተሠራበትን አገር፣ የተሠራበትን ዘመን፣ መለያ ቁጥሩንና እንዴት እንደ ተገኘ ይጠይቃል። ለሌላ ሰው አምስት መስመር ነው። ዕድሜውን በመዝገብ ቤት ለፈጀ ሰው ግን ያላረጋገጠውን ነገር በመንግሥት ቅጽ ላይ መጻፍ ቀላል አይደለም። «ማውዘር፣ ጀርመን» ብለን ልንጽፍ ብዕር ካነሣን በኋላ፣ «በምን ዐወቅን?» ብለን አቆምን።

ጀርመን ሠራሽ ነው መባሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1935 የጣልያን ጦር በድንበራችን ላይ ሲከማች፣ ጀርመን በስውር ለኢትዮጵያ ከላከችው መሣሪያ ውስጥ 10 ሺህ ያህል የማውዘር ጠመንጃ ይገኝበት ነበር። ሂትለር ይህን ያደረገው ለእኛ አዝኖ አልነበረም፤ ሙሶሊኒ በአፍሪካ ጦርነት ሲጠመድ እርሱ በአውስትርያ ጉዳይ እንዲመቸው አስቦ ነበር። ቅድመ አያታችን ከእነዚህ ጠመንጃዎች አንዱን ተሰጥተው ማይጨው እንደ ዘመቱ በቤተ ሰቡ ሲነገር ኖሯል። በግድግዳው ላይ ያለውም ጠመንጃ ዐይነቱ ያው ነው። አምስት ጥይት ይጎርሳል፤ ጥይት የሚቀመጥበት ሣጥን ከእንጨቱ ወደ ታች ሳያልፍ ውስጥ ውስጡን የተደበቀ ነው፤ የማቀባበያው እጀታ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን የወጣ ነው፤ ርዝመቱንም በሜትር ስንለካው አንድ ሜትር ከዐሥራ አንድ ሳንቲ ሆነ። ይህ ሁሉ ከማውዘሩ ጋር ይስማማል።

ነገር ግን ብረቱ በሙሉ በጥቁር የዘይት ቀለም ተቀብቷል። እንዲህ ያለውን ቀለም ለበርና ለመስኮት ብረት እንጂ ለጠመንጃ የሚቀባ ሰው አይተን አናውቅም። አንድ ጡረተኛ ወታደር ጎረቤታችን ጥይት እንደሌለበት ካረጋገጠልን በኋላ፣ መለያ ቁጥሩን ለማግኘት ቀለሙን ማንሣት ግድ ሆነ።

በዚህ ጊዜ በሁለታችን መካከል ክርክር ተነሣ። የእንጨት ባለሙያው ወንድማችን እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ልጎ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ብረቱንም አስወልውሎ እንደ አዲስ ሊያደርገው ፈለገ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ግን እምቢ አለ። አሮጌ ደብዳቤ ቆሽሿል ተብሎ አይታጠብም፤ ቆሻሻው ሲለቅ ፊደሉም አብሮ ይለቃልና። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ከላዩ የተጨመረውን ብቻ ለማንሣት፣ ከራሱ ከጠመንጃው ግን አንዳች ነገር ላለመቀነስ ተስማማን። ኋላ እንደ ተረዳነው፣ አሮጌ መሣሪያ የሚያድሱ ዐዋቂዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። የተላገ እንጨትና በድንጋይ የተወለወለ ብረት ያምራል፤ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ራሱ የሚመሰክረው ነገር አይኖረውም።

ሥራው ስድስት እሑድ ፈጀ። ብረቱን ከእንጨቱ ለይተን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ጠቀለልነው። ቀለሙ ሲለሰልስ በተሳለ ቀንድ ቀስ እያልን ፋቅነው፤ ቀንድ ቀለሙን ያነሣል፣ ብረቱን ግን አይቧጭርም። ዝገቱን በዘይትና በናስ ብሩሽ አሸነው። የጠቈረው ሁሉ ዝገት አለመሆኑን፣ አንዳንዱ ፋብሪካው የሰጠው ቀለም ቅሪት መሆኑን ስንረዳ እጃችንን ሰበሰብን። በአፈሙዙ ውስጥ የአያታችን ሞራ የዓመታት ንብርብር ሆኖ እንደ ሰም ደርቆ ነበር። ብረቱን ከዝገት ያዳነው እርሱ ነው። እንጨቱን በደረቅ ጨርቅ አጽድተን የተልባ ዘይት በመዳፋችን እያሸን አጠጣነው። በየሳምንቱ ስስ ስስ አድርገን ስንቀባው ግራጫ የነበረው እንጨት ወደ ቀይ ቡኒ ተመለሰ። እነዚያ በስለት የተቈረጡት መስመሮችም ጐልተው ታዩ። አግድም ሦስት መስመር፣ መካከላቸውን ሰንጥቆ የሚያልፍ አንድ ቁም መስመር። ወንድማችን እንዳሰበው በብርጭቆ ወረቀት ቢልገው ኖሮ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን በጠፋ ነበር።

በሦስተኛው እሑድ ጥይት በሚጎርስበት ክፍል ላይ «33» የሚል ቁጥር ብቅ አለ። ደስታችን ወሰን አጣ። ታናሹ፣ «1933 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ከማይጨው ሦስት ዓመት በፊት የተሠራ ነው» አለ። ጋሼም መጥተው አዩና፣ «አይደለም፤ የእኛው 1933 ነው፤ ጠላት የወጣበትን ዓመት አባታችን አስቀርጸውበት ነው» አሉ። ሁለቱም የተናገሩት ለታሪካችን የሚስማማ ስለ ነበረ፣ የትኛው ልክ እንደ ሆነ ለማጣራት ማንም አልቸኰለም። የአንበሳ ምልክት ባይገኝበትም፣ በስውር የተላከ መሣሪያ ምልክት ባይኖረው አያስደንቅም ብለን አለፍነው። ሰው ማመን የሚፈልገውን ነገር ሲያምን ምክንያት አያጣም።

በአራተኛው እሑድ ከቁጥሩ አጠገብ ቀለሙ ሲነሣ ሦስት ፊደላት ተገለጡ። የግዕዝም የላቲንም አልነበሩም። የእንጨቱ ባለሙያ እጁን ከብረቱ ላይ አንሥቶ አየን። ለረጅም ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም።

በሰፈራችን ቻይንኛ ተምሮ ከመንገድ ሠሪዎች ጋር በአስተርጓሚነት የሚሠራ ወጣት አለ። ፊደላቱን በወረቀት ገልብጠን ብናሳየው፣ «ጆንግ ጀንግ ሺ» ብሎ አነበበልን። «የጆንግ ጀንግ ዓይነት» ማለት ነው። ጆንግ ጀንግ የቻይናው መሪ የቺያንግ ካይ ሼክ ሌላ ስም ሲሆን፣ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሲተረጐሙ «መካከል» እና «ቀጥ ያለ» ማለት ናቸው። «33» ያልነውም የአውሮፓም የእኛም ዘመን አልነበረም። የቻይና ሪፐብሊክ ዘመኑን የሚቈጥረው መንግሥቱ ከቆመበት ከ1912 ጀምሮ ነው። ስለዚህ በጠመንጃው ላይ ባለው ቁጥር ላይ 1911 ሲጨመርበት እ.ኤ.አ. 1944 ይመጣል። ጠመንጃው የተሠራው ማይጨው ካለፈ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያነበብነውን ለአንባቢ ባጭሩ ብናካፍል አይጠላም ብለን እናስባለን። ቻይና እንደ እኛው መሣሪያዋን ከልዩ ልዩ አገር ስትገዛ የኖረች አገር ናት። በሃንያንግ ከተማ የነበረው ፋብሪካዋ ከ1895 ጀምሮ የጀርመንን የ1888 ጠመንጃ እየገለበጠ ይሠራ ነበር። ያ ጠመንጃ ጥይት የሚቀመጥበት ሣጥኑ ከቃታው ፊት ወደ ታች የወጣ ነው፤ ጥይቱንም እንደ ምንሽር ከነማቀፊያው ይጎርሳል። ስለዚህ የእኛው እርሱ እንዳልሆነ ገና ከመልኩ ይታወቃል። በ1930ዎቹ የጀርመን መኰንኖች የቻይናን ጦር ሲያሠለጥኑ በነበረ ጊዜ፣ ቻይና አዲሱን የማውዘር ጠመንጃ ከነመሥሪያው ንድፍ አግኝታ በ1935 በሄናን ክፍለ አገር በጎንግሺየን ፋብሪካ መሥራት ጀመረች። ዘመኑ 24ኛው የሪፐብሊክ ዓመት ስለ ነበረ መጀመሪያ «ዓይነት 24» ተባለ፤ ኋላ በመሪው ስም ተጠራ። ጥይቱም እንደ ጀርመኑ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ስናነብ የገረመን ነገር አለ። ጀርመን ለእኛ በስውር ጠመንጃ በላከችበት በዚያው ዓመት በሩቅ ምሥራቅ የተጀመረው ይህ ጠመንጃ፣ ከዚያው ከማውዘር ማጀት የወጣ የአንድ ቤት ልጅ ነው። የጋሼ ዐይን ቢሳሳት አይፈረድበትም።

በ1937 ጃፓን ቻይናን በወረረች ጊዜ ፋብሪካዎቹ ከነመሣሪያቸው እየተነቀሉ በወንዝና በየብስ ወደ አገሪቱ መሐል ተጓዙ። በቹንግቺንግ አካባቢ የጃፓን አውሮፕላን እንዳይደርስባቸው በተራራ ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ እየገቡ ይሠሩ ነበር። ሥራው ሳይቋረጥ በመቶ ሺዎች የሚቈጠር ጠመንጃ ወጣ። በጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት የተሠሩት ግን የአሠራራቸው ጥራት ቀነሰ። በእኛውም ላይ የሞረዱ ጠባሳ በግልጽ ይታያል። የፋብሪካውን ምልክት ዝገት ስለ በላው የትኛው ፋብሪካ እንደ ሠራው መናገር አንችልም። በ1949 ኮሚኒስቶቹ ሲያሸንፉ ይህ ሁሉ መሣሪያ በእጃቸው ገባ። በጥቅምት 1950 የቻይና ጦር የያሉን ወንዝ ተሻግሮ ኮርያ ሲገባ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ከተማረከው ጋር ይህንኑ ጠመንጃ ይዞ ነበር። የቀረውም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ እንደ ማንኛውም ከመጋዘን የተረፈ ዕቃ ለአሜሪካ ገበያ ቀርቦ በሰብሳቢዎች ተገዛ፤ በ1994 የአሜሪካ መንግሥት እስኪከለክል ድረስ። እንግዲህ ሌላው ወንድሙ በንግድ መርከብ ሲጓዝ፣ የእኛው ጠመንጃ በምን መንገድ ወደ ሸዋ እንደ መጣ ማሰብ አያስቸግርም።

ወጣቱ አስተርጓሚ የሰደፉን ፎቶግራፍ አብሮት ለሚሠራ አንድ ቻይናዊ ሹም አሳይቶት ነበር። ሦስቱ አግድም መስመሮችና አንዱ ቁም መስመር የግዳይ ቈጠራ አልነበሩም። አንድ ፊደል ነበሩ። «ዋንግ» ይባላል፤ በቻይና እጅግ ከሚበዙት የቤተ ሰብ ስሞች አንዱ ነው። ወታደር በሰልፍ ውስጥ ጠመንጃው ከጓደኛው ጠመንጃ እንዳይለወጥበት ስሙን በቢላዋ ጽፎበት መሆን አለበት። ሹሙ ፎቶግራፉን ጥቂት ካየ በኋላ፣ «ባለቤቱስ?» ብሎ አስጠየቀን። እኛም አያታችን በ2010 ዓ.ም. እንደ ዐረፉ ነገርነው። ተተርጉሞለት ራሱን ነቀነቀና ሌላ አልጠየቀም። ሌሊቱን ስናስበው ግን የጠየቀው ስለ አያታችን እንዳልነበረ ገባን።

ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ስለ ሆነ፣ ስሙን የጻፈው ሰውና በኮርያ ተራራ ላይ የያዘው ሰው አንድ መሆናቸውን ማወቅ አይቻልም። ይሁን እንጂ ልጆች ሳለን ሦስት የሞቱ ጠላቶች ናቸው እያልን በጣታችን የዳሰስነው ነገር የአንድ ሰው ስም ነበር። ከቃኘው ዘማቾች ከ120 በላይ ሰዎች በዚያ ጦርነት ሞተዋል። ቻይና ደግሞ 197,653 ሰዎች እንደ ሞቱባት አስታውቃለች። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ዋንግ ይባል ይሆን?

ያገኘነውን ይዘን ወደ አያታችን ባለቤት፣ ወደ እምዬ ዘንድ ሄድን። እምዬ ከሰማኒያ ዓመት አልፈዋል፤ ዐይናቸው ቢደክምም ልባቸው ብሩህ ነው። ጠመንጃውን በጭናቸው ላይ አጋደምንላቸው። በእጃቸው ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ዳሰሱት፤ ቀለሙ እንደ ተነሣም በጣታቸው ዐወቁት።

«አነሣችሁት?» አሉ።

«አዎን እምዬ። የቅድመ አያታችን ጠመንጃ አይደለም።»

ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «ልጆቼ፣ የአባታቸው ጠመንጃማ እናንተን ሆኗል» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1962 ዓ.ም. አባታችን የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲማር ሆነ። በዚያ ዓመት እህሉን ዋግ መትቶት ነበርና የቤት ኪራይና የስንቅ ገንዘብ ጠፋ። እምዬ በሬ ይሸጥ ቢሉ፣ አያታችን «በሬ ከተሸጠ የሚያርስ የለም፤ ልጁ ከቀረ ግን ሁላችንም ቀረን» አሉ። አባታቸው ሲሞቱ ጠመንጃውን ለባዕድ እጅ እንዳይሰጡ አደራ ብለዋቸው ነበር። ያን አደራ በጋቢ ሸፍነው፣ ሌሊት ተነሥተው፣ ማንም ወደማያውቃቸው ሩቅ ገበያ ወሰዱት። በ280 ብር ሸጠውት መጡ። ከዚያም ከኮርያ ሲመለሱ እንጨቱንና ብረቱን ለያይተው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያመጡትን፣ ለማንም ሳያሳዩ በሣጥን ያኖሩትን ጠመንጃ አወጡ። የባዕድ ፊደል እንዳይታይበት ቀለም ቀቡት። በባዶው ቀንድ ላይም ሰቀሉት።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገሩንም?» አልናቸው።

«ማን ጠየቃቸው? ሁላችሁም ታውቁ ነበር» አሉ እምዬ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሚያዝያ 27 ሲወለውሉት ስለ ማይጨው የሚያስቡ መስሏችሁ ነበር። እርሳቸው ግን ሌላ ሰው ነበር የሚያስቡት። ሌሊት ሌሊት በባዕድ ቋንቋ የሚጮኽ ሰው ይሰማኛል ይሉኝ ነበር» አሉን። ከዚያ በላይ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

አባታችን በዚያ ገንዘብ ተምሮ አስተማሪ ሆነ። ፊደል ያስቈጠረን እርሱ ነው። ዛሬ ይህን ለመጻፍ የበቃነው፣ የጠመንጃውንም ቁጥር ለማንበብ የቻልነው፣ የመጀመሪያው ጠመንጃ ስለ ተሸጠ ነው። አባታችን ግን በምን ገንዘብ እንደ ተማረ ሳያውቅ ሞተ።

ቤተ ሰቡን ሰብስበን ያገኘነውን ስንነግራቸው ደስ ያለው አልነበረም። ጋሼ እጅግ ተቈጡ። «ከማይጨው አንሥታችሁ የቻይና ዕቃ አደረጋችሁን፤ ቀለሙን ማን ፋቁ አላችሁ?» አሉ። «በቅጹ ላይ ማውዘር ብላችሁ ጻፉ፤ መልኩ ያው ነው፤ ማን ያውቃል?» ያሉም ነበሩ። ይህን የሚሉት ለክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። ሰው ያደገበትን ተረት ሲነጥቁት ከቤቱ ያስወጡት ይመስለዋል። እኛም ብንሆን በዚያ በአራተኛው እሑድ ፊደሎቹን መልሰን በቀለም ለመሸፈን ሳንመኝ አልቀረንም።

ነገር ግን በመዝገብ ቤት የተማርነው አንድ ሥርዓት አለ። በመዝገብ ላይ ስሕተት ሲገኝ አይፋቅም፤ ወረቀቱም አይቀደድም። የተሳሳተው ቃል መነበቡ ሳይቀር አንድ መስመር ይሰረዝበታል፤ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፤ የጻፈውም ሰው ይፈርምበታል። የተሳሳተው እንዲነበብ የሚተወው፣ ስሕተቱም ቢሆን የሆነ ነገር ስለ ሆነ ነው። አያታችን አንድን ታሪክ በቀለም ሸፈኑ። እኛም የእርሳቸውን መሸፈን መልሰን ብንሸፍን ሁለተኛ ስሕተት ይሆናል። የጋሼን ትረካ ከቤታችን ብናጠፋው ደግሞ ሦስተኛ ይሆናል። ቅድመ አያታችን ማይጨው አልዘመቱም ያለ የለም፤ ዘምተዋል። ከእርሳቸው ጋር የዘመተው ጠመንጃ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም አንድ ልጅ አስተምሯል። ለአንድ ጠመንጃ ከዚህ የበለጠ ክብር መኖሩን አናውቅም።

ጋሼ ለሁለት ወር ከቤታችን ቀሩ። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ማታ መጡና ጠመንጃውን አምጡ አሉን። ሰደፉን ወደ መብራቱ አዙረው መስመሮቹን እንደ ድሮው በጣታቸው ተከተሏቸው። «ማን ነበር ያላችሁት?» አሉ። «ዋንግ» አልናቸው። «ዋንግ» ብለው ደገሙት። ከዚያም፣ «ወንድሜ ይህን ብቻውን ይዞ ኖረ ማለት ነዋ» ብለው ጠመንጃውን መለሱልን።

አንባቢ ሆይ፣ በየቤታችን ቀለም የተቀባ ነገር አይጠፋም። ማንሣቱ የአባቶችን ክብር ይቀንሳል ብለን እንፈራለን። እኛ ግን ባየነው መጠን፣ ከቀለሙ በታች ያገኘናቸው አያት በግድግዳው ላይ ከሰቀልናቸው አያት ይልቅ ትልቅ ሰው ነበሩ።

ቅጹንም እንዲህ ብለን ሞልተን አስረከብን። የመሣሪያው ዓይነት፤ ጆንግ ጀንግ፣ በማውዘር ንድፍ የተሠራ። የተሠራበት አገር፤ ቻይና። ዘመኑ፤ እ.ኤ.አ. 1944። መለያ ቁጥር፤ በብረቱ አካልና በማቀባበያው ላይ ያለው ስለማይመሳሰል ሁለቱም ተጽፈዋል። እንዴት እንደ ተገኘ ለሚለው የተተወው ስፍራ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ስለማይበቃም፣ «አያታችን ከኮርያ ይዘውት የመጡ፤ የቀድሞ ባለቤቱ ስም በሰደፉ ላይ ይገኛል» ብለን ፈረምንበት።